ጥቁሩን ሰው በጥቁርነቱ፤ ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ሮይ ዲካራቫ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥና ስለ መኝታ ቤቱ ውሃ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ስለ ፎቶግራፍ ግን ማንም ብዕሩን ሲያነሣ አላየንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፎቶግራፍ ለአብዛኞቻችን የበዓል ቀን ጌጥ ነው። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ በኪሱ ስልክ፣ በስልኩም ውስጥ ካሜራ ይዞ ስለሚዞር ነገሩ ሁሉ ዘበት ሆኗል። ይሁን እንጂ ሰው ሰውን እንዴት አድርጎ ያየዋል የሚለው ጥያቄ ዘበት አይደለም። በተለይም የሚታየው ሰው ጥቁርና ድኻ ከሆነ፣ ከከተማውም ዳር የተገፋ ከሆነ፣ አተያዩ ራሱ ፍርድ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ እትም ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ ጥያቄ በካሜራ ሲጠይቅ ስለ ኖረ አንድ ሰው እንጽፋለን፤ እርሱም የኒው ዮርኩ ሮይ ዲካራቫ ነው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አንድ ችግር አለብን። የማኅበራችን ማባዣ መኪና ፊደል እንጂ ፎቶግራፍ አያወጣም፤ አንድ ጊዜ የአንድ ደራሲ መልክ ለማውጣት ተሞክሮ የወጣው የፈሰሰ ቀለም ነበር። ስለዚህ ሥዕሎቹን በቃል ከመግለጽ በቀር ሌላ መንገድ የለንም፤ አንባቢም በዐይነ ልቡናው እንዲከተለን እንለምናለን።

ዲካራቫ በታኅሣሥ ወር 1919 ሃርለም ውስጥ ተወለደ። ያሳደገችው ከጃማይካ የመጣች እናቱ ብቻዋን ነበረች። ልጅ ሳለ ጫማ እየጠረገ፣ ጋዜጣ እየሸጠ አደገ፤ በትርፍ ጊዜውም ይሥል ነበር። በ1938 ኩፐር ዩኒየን ወደሚባለው ስመ ጥር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ የነጮቹን ንቀት መሸከም ስላልቻለ ትቶት ወጣና በሃርለም የማኅበረ ሰቡ የጥበብ ማዕከል ትምህርቱን ቀጠለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ትምህርት ጠልቶ አልሸሸም፤ የሚማርበትን ቦታ መረጠ እንጂ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ተጠርቶ ወደ ደቡቡ ክፍል፣ ወደ ሉዊዚያና ተላከ። በዚያም ጥቁሩ ወታደር ከነጩ ወታደር ተለይቶ የሚኖርበትን ሥርዓት በዐይኑ አየ፤ አእምሮው ታወከ፤ ሆስፒታል ገባ፤ በመጨረሻም ተሰናበተ። ስለ ነፃነት ለመዋጋት የተጠራ ሰው ገና ጠላት ሳያይ በገዛ ወገኑ ጦር ሰፈር መቍሰሉ የዘመኑን ነገር ሁሉ ይናገራል።

ካሜራ የያዘው በመጀመሪያ ለሥዕል ሥራው መነሻ እንዲሆነው ነበር። በመንገድ ያየውን ሰው በፎቶግራፍ ያስቀርና ቤቱ ሲገባ ይሥለዋል። ቀስ በቀስ ግን ብሩሹ ቀረና ካሜራው ቀረለት። በ1950 ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፎቹን ብቻውን ለሕዝብ አሳየ፤ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ስታይከንም ሥራዎቹን ለሙዚየሙ ገዛ። በ1952 የጉገንሃይም ድርጅት 3,200 ዶላር ሰጠው። ይህን ስጦታ ከጥቁር ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በማመልከቻው የጻፈው ሐሳብ ዛሬም ቢነበብ አያረጅም። የሃርለምን ሰዎች ለችግራቸው ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ እንደማይሻ፣ ክብራቸውንና ጥበባቸውን ሊያሳይ እንደሚፈልግ፣ ይህንንም ከውስጥ ሆኖ ማየት የሚችለው ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺ መሆኑን ገለጸ። በዚያ ዘመን ሃርለም በመጽሔት የሚወጣው ወንጀል ሲሠራ ወይም ቤት ሲቃጠል ነበር። ምሽት ላይ አባት ከሥራ ሲመለስ ልጁን ማቀፉ ዜና አይባልም።

ከእነዚህ ፎቶግራፎች በ1955 አንድ መጽሐፍ ወጣ። ዲካራቫ ሥዕሎቹን ተሸክሞ በየአሳታሚው በር ቢዞርም የሚቀበለው አጥቶ ነበር። በመጨረሻ ለባለ ቅኔው ለላንግስተን ሂዩዝ አሳየው፤ ሂዩዝም ሥዕሎቹን እያየ አንዲት የሃርለም አሮጊት እንደምትተርከው አድርጎ ታሪክ ጻፈላቸው። መጽሐፉ ትንሽ፣ በኪስ የሚያዝ ዓይነት ነበር፤ አሳታሚው ብዙ ገንዘብ ሊያወጣበት አልፈለገምና። ሰው ግን ወደደው። እኛን የሚገርመን የመጽሐፉ ዝና አይደለም። ፎቶግራፉ በጽሑፍ ካልታጀበ፣ ጽሑፉም የታወቀ ሰው ስም ካልያዘ ሊታተም አለመቻሉ ነው። የጥቁር ሰው ፊት ብቻውን ቆሞ እንዲናገር ገና አልተፈቀደለትም ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ የፎቶግራፍ ማሳያ አዳራሽ ከፈተ። ፎቶግራፍን እንደ ጥበብ ቆጥሮ በግድግዳ ላይ የሚሰቅል ነጋዴ በከተማው ውስጥ እምብዛም ባልነበረበት ጊዜ፣ ሳሎኑን አጽድቶ የሌሎችን ሥራ ጭምር ሰቀለ። ሁለት ዓመት ያህል ቆየና ተዘጋ። እስከ 1958 ድረስ እንጀራው የማስታወቂያ ሥዕል መሣል ነበር፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ከሥራ መልስ ማታና በዕረፍት ቀን ነው። ስለዚህም ሥዕሎቹ ብዙውን ጊዜ የምሽት ሥዕሎች ናቸው፤ የባቡር ጣቢያ ደረጃ፣ የቤት ኮሪደር፣ ወጥ ቤት፣ የጭፈራ አዳራሽ። አንዳንድ ሰዎች ጨለማውን እንደ ፍልስፍና ብቻ ይተረጕሙታል። እኛ ደግሞ እንጨምርበታለን፤ ድኻ ሠራተኛ ወገኑን የሚያገኘው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጃዙ እንምጣ፤ ስሙን በዓለም ያስጠራው ከሁሉ ይልቅ እርሱ ነውና።

የጃዝ ፎቶግራፍ ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ጢስ ነው። ከሳክስፎኑ በላይ እየተጠቀለለ የሚወጣ የሲጋራ ጢስ፣ ከኋላ የሚያበራ መብራት፣ ወርቅ የሚመስል መለከት። ይህን መልክ ካስለመዱን ሰዎች ዋናው ኸርማን ሌናርድ ነው፤ እርሱም ታላቅ ባለሙያ ነበር። ዊልያም ጎትሊብ ደግሞ ከ1938 እስከ 1948 ድረስ በጋዜጠኝነቱ የዘመኑን ሙዚቀኞች አንሥቷል። ከበርሊን ናዚዎችን ሸሽቶ በ1939 ኒው ዮርክ የገባው ፍራንሲስ ዎልፍ በብሉ ኖት የሸክላ ኩባንያ ቀረጻ ላይ እየተገኘ ያነሣቸው ሥዕሎች በሸክላ ሽፋን ላይ ወጥተው በዓለም ዙሪያ ታይተዋል። እነዚህን ሰዎች ልናቃልል አይደለም። ነገር ግን በእነርሱ ሥዕል ሙዚቀኛው ከተራው ሰው ተለይቶ የቆመ ኮከብ ነው። አምፖሉም፣ ጢሱም፣ ጨለማውም ለእርሱ ያጨበጭባሉ።

ዲካራቫ ዘንድ ግን ሙዚቀኛው ሠራተኛ ነው። በ1961 የተነሣውን የከበሮ መቺውን የኤልቪን ጆንስን ፎቶግራፍ እንውሰድ። ከበሮ የለም፤ መድረክ የለም፤ አጨብጫቢ የለም። ያለው በጨለማ ውስጥ አንድ ፊት ነው፤ በላዩም ላብ ያብረቀርቃል። ፊቱን ላየ ሰው ይህ ከድንጋይ ፈላጭ ወይም ከብረት ቀጥቃጭ በምን ይለያል ያሰኘዋል። ጆንስ በዚያ ጊዜ ከጆን ኮልትሬን ጋራ ይጫወት ነበር፤ የእነርሱን ሙዚቃ የሰማ ሰው የአንድ ምሽት ጨዋታ ምን ያህል ጕልበት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ዲካራቫ ድምፁን አላነሣውም፤ ድምፁ ያስከፈለውን ዋጋ አነሣ። በ1963 የተነሣው የኮልትሬን ሥዕል ደግሞ ጥርት ብሎ የማይታይ ነው፤ ሰውየው ከመሣሪያው ጋራ ሲወዛወዝ ካሜራው አልቆመለትም። ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ቢሆን ይህን ተበላሽቷል ብሎ ይጥለው ነበር። ዲካራቫ ግን አጥቦ አሳየው፤ ኮልትሬን ሲነፋ የቆመ ነገር አልነበረምና።

በ1960 ያነሣው ደግሞ ሌላ ነው። አንጋፋው ቤን ዌብስተር ኮልትሬንን አቅፎታል። አንዱ የፊተኛው ዘመን፣ አንዱ የኋለኛው ዘመን ሳክስፎን ተጫዋች ናቸው፤ ሁለቱም አይጫወቱም። ታላቅ ወንድም ታናሹን እንደሚያቅፍ ያለ እቅፍ ነው። በሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ ጃዝ ጠብ ብዙ ተጽፏል፤ ይህን ሥዕል ካየን በኋላ ግን ያን ሁሉ ክርክር በጥርጣሬ ማንበብ ጀምረናል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የሚይዘው አነስተኛ የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነው። ብልጭታ መብራት አይጠቀምም፤ በክፍሉ ያለው ብርሃን ምን ያህልም ቢያንስ በእርሱ ይሠራል። ብርሃኑ ሲያንስ የካሜራው መዝጊያ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ መዝጊያው በቆየ ቍጥር ደግሞ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ይደበዝዛል። ይህን ዕዳ ዐውቆ ተቀብሎታል። ከዚያም በጨለማ ክፍሉ ራሱ ያትማል፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። በኅትመቱም ነጩን ከማጉላት ይልቅ በግራጫና በጥቁር መካከል ያሉትን ብዙ ደረጃዎች አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። በ1953 ያነሣው የኮሪደር ሥዕል ለዚህ ምስክር ነው፤ ጠባብ፣ አንድ ደካማ መብራት ያለበት፣ ሰው የሌለበት የኪራይ ቤት መተላለፊያ። በመጀመሪያ ሲታይ ጥቁር ወረቀት ነው። ትንሽ ቆም ብለን ስናየው ግድግዳው ይወጣል፤ ቀጥሎ ወለሉ፤ ቀጥሎ በዚያ ያደጉ ልጆች ፍርሃት።

ይህን ሥዕል በስልካችን ላይ ያሳየነው አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን «ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ነው?» ሲል ጠይቆናል። ሳቅን። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም በሌላ ቃል ያቀረቡት ነው። ፎቶግራፍ ለማሳየት ከሆነ ለምን ይሸሽጋል? ለምንስ ሰዎቹን በብርሃን አያወጣቸውም?

መልሱን ከቴክኒኩ እንጀምር። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት። ስለዚህ ጥቁር ሰው በነጭ ግድግዳ ፊት ቢቆም መለኪያው ግድግዳውን አይቶ ሰውየውን ከሰል ያደርገዋል፤ የሰውየው ፊት ብቻ ማዕቀፉን ከሞላው ደግሞ አመድ ያስመስለዋል። ከሰልም አመድም የሰው ቀለም አይደሉም። የቀለም ፎቶግራፍ በመጣ ጊዜ ነገሩ ባሰ። ኮዳክ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ሥዕል ያለበት ነበር፤ በመጀመሪያዋ ሴት ስም «ሸርሊ» እየተባለ ለብዙ ዓመታት ሲጠራ ኖረ። የእርሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ትክክል ነው ይባላል። በኋላ ኩባንያው ፊልሙን እንዲያሻሽል ካነሣሡት ነገሮች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች አቤቱታ ነበር። የቸኮሌቱ ቡናማነት በደንብ አልወጣም ብለው። የሰው ፊት ያላሰማውን ጩኸት ቸኮሌት አሰማ ማለት ነው! ዲካራቫ የሠራው በጥቁርና ነጭ ፊልም ስለ ሆነ ይህ የካርድ ጉዳይ እርሱን በቀጥታ አልነካውም፤ ነገር ግን ሥራው ሁሉ ለዚያ ዓይነት አስተሳሰብ መልስ ነው። ጥቁሩን ሰው እንዲታይ ብሎ አላነጣውም። ተመልካቹ ዐይኑን እንዲያለማምድ አስገደደው።

ስለዚህ ሸሽጓል የሚለውን ክስ አንቀበለውም። ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አያይም፤ ቤቱ ግን ሙሉ ነው፤ ጥፋቱ የቤቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ድካም ወዲያው ፍሬ እንዳገኘ እንዳይመስልብን። ዲካራቫ የጃዝ ሥዕሎቹን ከሃርለም ሕይወት ሥዕሎች ጋራ ቀላቅሎ፣ የራሱንም ግጥም ጨምሮ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጽሐፍ አድርጎ በእጁ አዘጋጅቶ ነበር። ስሙን «ያየሁት ድምፅ» አለው። አሳታሚ አልተገኘም። በዚህ ስም በሃርለም የስቱዲዮ ሙዚየም ትርኢት የቀረበው በ1983 ነው፤ መጽሐፉ ታትሞ የወጣው ደግሞ በ2001፣ ባለቤቱ 81 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። አርባ ዓመት ያህል በሣጥን! በዚህ መካከል ኮልትሬን፣ ዌብስተር፣ ዱክ ኤሊንግተን፣ ሂዩዝም ራሱ፣ ሁሉም አልፈዋል። መጽሐፉን ከፍቶ «ይህ እኔ ነኝ» ሊል የሚገባው ትውልድ አልደረሰበትም። በመጽሐፉ ውስጥ ሙዚቀኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ መስኮት ላይ የቆመችው ሴትና ባዶው መንገድ ጎን ለጎን መቅረባቸው በዘፈቀደ አይደለም። ይህ ሙዚቃ ከየት እንደ ወጣ በአንድ ቃል ሳያስተምር ያሳያል።

ኤሊንግተንን ካነሣን ዘንድ፣ ይህ ታላቅ ሰው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ መጫወቱን፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋራ መሥራቱን አንባቢ ያስታውሳል። ስለዚህ የዲካራቫ ሰዎች ከእኛ እጅግ የራቁ አይደሉም። የራሳችን ከተማ ሙዚቀኞች የድሮ ፎቶግራፎች ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡትም በ2001 ነው፤ ሰብሳቢው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ሥራው የሚያስመሰግነው ነው፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን አብዛኞቹ ተሰልፈው፣ ክራባት አጥብቀው የተነሡ ናቸው። በምሽት ክበብ ጓሮ፣ ጨዋታው አልቆ ላቡን ሲጠርግ የተነሣ የክራር ወይም የሳክስፎን ተጫዋች ፎቶግራፍ ለማየት ፈልገን ብዙ አላገኘንም። ያነሣ ሰው ካለ ሣጥኑን ይክፈትልን።

ዲካራቫ ብቻውን የቆመ ሰውም አልነበረም። በ1963 የኒው ዮርክ ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺዎች ተሰብስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው መሪ ሆነ። የማኅበሩ ስም «ካሞይንጌ» ነው፤ ከኬንያ ኪኩዩ ቋንቋ የተወሰደ፣ በአንድነት የሚሠራ ቡድን ማለት ነው። አፍሪቃ ነፃነቷን እየተቀበለች በነበረችበት በዚያ ሰዓት የሃርለም ልጆች ስም ፍለጋ ወደ ጎረቤታችን መምጣታቸው ደስ ያሰኛል። በ1969 ደግሞ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ስለ ሃርለም ትልቅ ትርኢት አዘጋጀ። የሃርለም ሠዓሊዎች ሥራ ግን በግድግዳው ላይ አልተሰቀለም፤ ሕዝቡም በዝግጅቱ ተገቢ ድምፅ አላገኘም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንደሚባለው ነው። ዲካራቫ ሥራዬን አልሰጥም አለ። በከተማው ትልቁ ሙዚየም ለመታየት እድል አግኝቶ እምቢ ማለት ለአንድ አርቲስት ምን ማለት እንደ ሆነ እንገምት፤ ለዚያውም ከወር ወር የሚኖርበት ገንዘብ ከስፖርት መጽሔት ሥራ ለሚለቅም ሰው።

እዚህ ላይ አንዳንድ የትምህርት ጓደኞቻችን ይቈጡናል። «ሕዝብ ሲራብ፣ ሲጨቈን፣ እናንተ ስለ ግራጫና ስለ ጥቁር ታወራላችሁ። ይህ ሰው ለምን የፖሊስ ዱላ አላነሣም?» ይላሉ። ክርክሩ ከባድ ስለ ሆነ በቀልድ አናልፈውም። ጥበብ ከትግል ውጭ ትቁም አንልም። ነገር ግን ዲካራቫ በ1963 ወደ ዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ሄዶ ነበር። በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በወጣበት ቀን ካነሣቸው ሥዕሎች የታወቀው የአንዲት ከሚሲሲፒ የመጣች ወጣት ሴት ፊት ነው። መፈክር አይነበብበትም። ሰልፉን በብዛቱ ማንሣት ለሌሎች ተወና ሰልፈኛይቱን አነሣ። መቶ ሺሕ ሰው የሚሰለፈው ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የአንዷን ፊት በደንብ ማየት ያስፈልጋል እንላለን። ሰውን በቍጥር ብቻ ማየት የለመደ ዐይን፣ ድል ቢያደርግም እንኳ ሰውን በቍጥር ማየቱን ይቀጥላል። ይህን በታሪክ ክፍላችን ከበቂ በላይ ተምረነዋል።

ደግሞም ዲካራቫ ራሱ ከልቡ ጋራ ሲሟገት እናያለን። በ1956 በአንድ የሃርለም የጭፈራ አዳራሽ ሁለት ወንዶች ሲደንሱ አነሣ። የዳንሳቸው ዓይነት ነጮች በጥቁሮች ላይ ሲሳለቁ ይደሰቱበት የነበረውን የድሮ የመድረክ ቀልድ አስታወሰውና ሥዕሉን ይወደውም ይጠላውም እንደ ነበር ተናግሯል። ቢሆንም አልቀደደውም። ሰዎቹ በእውነት ይደንሱ ነበር፤ ዳንሳቸውም ውብ ነበር። ለመፈክር የሚሠራ ሰው ይህን ሥዕል ለማንም ሳያሳይ ያቃጥለው ነበር።

ከ1975 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሃንተር ኮሌጅ አስተማረ። በ1996 የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የሕይወት ሥራውን በሙሉ አሳየ፤ በ2006 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የጥበብ ሜዳይ ሸለመው፤ በጥቅምት ወር 2009 ዘጠና ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ዐረፈ። ሽልማቱን በአጭሩ ያለፍነው ሽልማት የዘገየ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው አንድ በእጃችን ያለ ጉዳይ ስላለ ጭምር ነው። ባለፈው ዓመት በማተሚያ ቤት የታተመው የምረቃ መጽሔት ሲደርሰን ተመራቂዎቹን ለመለየት ተቸግረን ነበር። ፎቶግራፍ እንዲያነሣ የተቀጠረው ሰው ሁሉንም በብልጭታ መብራት አነሣና ቀጥሎም በኮምፒውተር አነጣቸው። የጋምቤላው ልጅ፣ የወላይታዋ ልጅ፣ የመንዙም ልጅ አንድ የዱቄት ቀለም ተቀብተው ወጡ። አንዲት እኅታችን እናቷ ፎቶግራፉን አይታ «ይቺ ማን ናት?» ማለቷን ነግራናለች። አንዳንዶቹ ራሳቸው እንዲነጡ የጠየቁ መሆናቸውንም እናውቃለን፤ ይህ ግን ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

ዲካራቫ በ1949 ያነሣው «ምረቃ» የሚባል ሥዕል አለ። አንዲት ወጣት ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ በሃርለም መንገድ ብቻዋን ትሄዳለች። አጠገቧ ቆሻሻ የተጣለበት ባዶ መሬትና የመኪና ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የቆመችበት ቦታ ብርሃን አለበት፤ ፊት ለፊቷ ያለው ጥላ ነው። ቆሻሻውን አልጠረገውም፤ ጥላውን አላነጣውም፤ ልጅቱም በዚያ ሁሉ መካከል የምታፍር አትመስልም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የኅትመት ኮሚቴ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የዘንድሮው ተመራቂ ያለ ብልጭታ መብራት፣ ከቀትር በኋላ፣ በቤተ መጻሕፍቱ በስተ ጀርባ ባለው ጥላ ሥር ይነሣ። የማንም ፊት ቀለም በኋላ አይነካ። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ከውጭ የሚቀጠር ሰው መሆኑ ቀርቶ ከመካከላችን ካሜራ የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች ይመረጡ፤ ለነጋዴው ይከፈል የነበረውም ገንዘብ ለወረቀትና ለኅትመት ይዋል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚመጣው ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ በሩ ክፍት ነው ተብለናል።